«ኖዌር ኒር» እና የሰባት ወር ጀሪካን

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ቅጽ ሰጠኝ። «በአገልግሎት ዘመንዎ ያከናወኗቸው ዋና ዋና ተግባራት» ይላል፤ ከሥሩ ሦስት መስመር ብቻ ተሰምሮበታል። ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ሦስት መስመር! ተናድጄ ብዕሬን አነሳሁ። አስቤ አስቤ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሦስቱም መስመር በዛብኝ። ከሥራ ዘመኔ ዓይኔ ላይ የሚመጣብኝ ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንዲት ቃል ላይ ያርፋል። ቅጹ ላይ «እንግሊዝኛ ቋንቋ ማስተማር» ብዬ ሞላሁና የቀረውን እዚህ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ቃሏ «ኖዌር» ናት።

መጀመሪያ የተገናኘነው አቀስታ ነው። ከማሠልጠኛ ገና መውጣቴ ነበር፤ የተመደብኩት ስምንተኛ ክፍል ነው። አቀስታ ብርዱ ጠመኔ አያስይዝም። ጣቶቼን በትንፋሼ እያሞቅኩ ሰሌዳው ላይ «አይ ዌንት ኖዌር» ብዬ ጻፍኩና ከአጠገቡ ትርጉሙን አሰፈርኩ፦ «የትም ሄድኩ»።

ክፍሉ ሳቀ። እንድሪስ የሚባል ከኋላ የሚቀመጥ ተማሪ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ የትም አልሄድኩም ነው እንጂ የትም ሄድኩ ይባላል እንዴ?»

«ልክ ነህ» አልኩና አማርኛውን አስተካከልኩ።

«እንግሊዝኛውስ? ‹አልሄድኩም› ለማለት ‹ዲድ ኖት› ሊገባበት አይደል?»

አስገባሁ። «አይ ዲድ ኖት ጎ ኖዌር» ሆነ። መጽሐፉን አየሁ፤ መጽሐፉ እንደዚያ አይልም። አጠፋሁት። እንድሪስ አሁንም ቆሟል።

«ቲቸር፣ ‹ዌንት› ካለ ሰውየው ሄዷል ማለት ነው?»

«አዎ።»

«የት ሄደ?»

«የትም።»

«ታዲያ ደረሰ ወይስ መንገድ ላይ ነው?»

ደወሉ ባይደወል ኖሮ ዛሬም እዚያው ቆሜ የምገኝ ይመስለኛል።

በጭቃ ግድግዳው ማዶ የሚያስተምሩት ጋሽ ይመር ሁሉንም ሰምተው ኖሯል። ጋሽ ይመር ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ካፖርት የሚለብሱ አንጋፋ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። ጆሯቸው ላይ የተቀረጸ እርሳስ፣ ኪሳቸው ውስጥ አንዲት ትንሽ ደብተር አይጠፋም። ደብተሯን «የስህተት ደብተር» ይሏታል። ተማሪ ሲሳሳት ስህተቱን እንዳለ ይጽፉና ከጎኑ ለምን እንደተሳሳተ ያሰፍራሉ። መልሱን ለመጻፍ ግን አይቸኩሉም ነበር። «ልጁ በከንቱ አልተሳሳተም፤ ከቤቱ ይዞት የመጣው ነገር አለ። እሱን ፈልግ» ይሉኛል።

ሁለተኛው ልማዳቸው ደግሞ ያኔ እንደ ጉድ የማየው ነበር። የማያውቁትን ሲጠየቁ በክፍሉ ሁሉ ፊት «አላውቅም፤ ነገ እነግራችኋለሁ» ብለው ጥያቄውን ሰሌዳው ጥግ ላይ ይጽፉታል። መልሱ እስኪገኝ ድረስ ያንን ጥግ ማጥፋት ክልክል ነው። አንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥጉ ላይ ተቀምጦ፣ ደሴ ድረስ ሄደው ጠይቀው ሲመለሱ ነው የጠፋው። ተማሪው ይንቃቸዋል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ጥያቄ ይዞ ይሰለፍላቸዋል።

ያን ዕለት በዕረፍት ሰዓት ጠሩኝና ደጅ ላይ አቆሙኝ።

«የትም ሂድ ብልህ ምን ገባህ?»

«የፈለግሁበት መሄድ እንደምችል።»

«የትም አትሂድ ብልህስ?»

«ከዚህ እንዳልነቃነቅ።»

«‹የትም› ተለወጠ?»

«አልተለወጠም፤ ያው ነው።»

«በል እንግዲህ። በኛ ቋንቋ የሚከለክልህ ግሱ ላይ የገባው ‹አት› ነው፣ ‹አል› ነው። እነሱ ዘንድ ክልከላው ቃሏ ሆድ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ግሱ ላይ አትድገመው። እንድሪስ የተሳሳተው አማርኛ ስለሚያውቅ ነው፤ አትቆጣው።»

በማግስቱ ይህንኑ እንደራሴ ግኝት አድርጌ አስተማርኩ። እንድሪስ ረክቶ ተቀመጠ። ጋሽ ይመር ማዶ ሆነው ሰምተውኛል፤ አንድም ቀን አላነሱብኝም። አቀስታ በቆየሁባቸው ዓመታት ከእርሳስ አቀራረጽ ጀምሮ ያላስተማሩኝ የለም። ከሳቸው ያልወሰድኩት አንድ ነገር ቢኖር «አላውቅም» ማለትን ነው።

ከአቀስታ ወደ ማሻ ተዛወርኩ። የማሻው ርዕሰ መምህር «በዚህ ግቢ ከእንግሊዝኛ በቀር መናገር ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ። ማስታወቂያው ከተለጠፈ ቀን ጀምሮ እሳቸው ዓመቱን ሙሉ በእጅ ምልክት ነው ያስተዳደሩን። ስብሰባ ሲጠሩ ሁለት ጊዜ ያጨበጭባሉ፤ ሲቆጡ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። ደመወዝና እድገት እንደማንኛውም መምህር ነው፤ እሱን እንተወው። ከዚያ መካነ ሰላም ገባሁና እዚያው ጡረታ ወጣሁ። ልናገረው የፈለግሁት ነገር የደረሰው መካነ ሰላም ነው።

ከከተማው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ያላት አንዲት ቀበሌ አለች። ስሟን አልጠራም፤ አሁንም ይቀለድባታል። ምንጭ ጎልብቶ ውሃው በቱቦ ቁልቁል ወርዶ መንደሩ መሀል ቦኖ ሊሠራላት ነበር። ሥራውን የያዘው ድርጅት ሚስተር ቶም የሚባል መሐንዲስ ላከ። አስተርጓሚው ታመመና የወረዳው የውሃ ኃላፊ አቶ ደምሴ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ወሰደኝ። «እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ስጡን ብንል ሁሉም አንተን ነው የጠራው» ሲለኝ ልቤ አበጠ።

መንደሩ ተሰብስቦ ጠበቀን። ሚስተር ቶም ምንጩን አየ፤ ቦዩን ተከትሎ ወረደ፤ ቦኖው ጋ ደርሶ ቧንቧውን ነካ ነካ አደረገ። ላቡን ጠረገና ወደ እኔ ዞሮ እንዲህ አለ፦

«ኢት ኢዝ ኖዌር ኒር ሬዲ።»

ሰው ሁሉ አፌን አፌን ያያል። ከፊት የቆሙት ሼህ ሰይድ አንገታቸውን አስግገዋል። አጠገባቸው እማማ ዘነቡ ጀሪካን የጫነች አህያቸውን ይዘው ቆመዋል። አቶ ደምሴ «ምን አለ?» አለኝ።

ምን እንዳለ አላወቅሁም። «ኖዌር»ን አውቃታለሁ፤ የድሮ ወዳጄ ናት። «ኒር» ቅርብ ነው። «ሬዲ» ዝግጁ ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ግን ሰምቼ አላውቅም። የትም፣ ቅርብ፣ ዝግጁ። ከሦስቱ ሁለቱ ደስ የሚሉ ናቸው። በአብላጫ ድምፅ ወሰንኩ።

«የትም አይሄድም፤ ቀርቧል፤ ደርሷል ማለት ይቻላል ነው የሚለው» አልኩ።

እልልታው ቀለጠ። አቶ ደምሴ ተቻኮለ። «መቼ ነው የሚደርሰው በለው!»

ጠየቅሁት። ሚስተር ቶም ትከሻውን ሰብቆ «ጋድ ኖውስ» አለ። እዚህ ላይ እንኳ አልተሳሳትኩም። «እግዜር ያውቃል ይላል» አልኩ።

«ማሻአላህ!» አሉ ሼህ ሰይድ። «ኢንሻአላህ ማለቱ ነው እኮ! ሲያዩት ፈረንጅ ነው፤ ውስጡ የኛው ሰው ነው።»

ሚስተር ቶም ሰዉ ለምን እንደተደሰተ ግራ ገብቶት ጠየቀኝ። «ይወዱሃል» አልኩት። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ፤ እልልታው ባሰበት። አቶ ደምሴ እዚያው ላይ ለሳምንቱ ቅዳሜ የምረቃ በዓል ጠራ።

ቅዳሜ ዕለት ዳስ ተጥሎ፣ የክርስቲያኑም የእስላሙም በሬ ለየብቻ ታርዶ፣ ቦኖው ላይ ቀይ ሪባን ታስሮ ደረስን። ሚስተር ቶም ለሥራ መምጣቱ ነበር፤ ከኋላው ቱቦ የጫነ መኪና ይከተለዋል። ዳሱን አየና ፈገግ ብሎ የማን ሠርግ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ምን አለ?» አለ አቶ ደምሴ።

«የማን ሠርግ ነው ይላል።»

«የውሃው በለው!» ሰዉ ሳቀ። ሚስተር ቶም ሰዉ ሲስቅ አይቶ ሳቀ። የኔ ዓይን ግን ቱቦ የጫነው መኪና ላይ ቀረ።

ሪባኑን የመቁረጥ ክብር ለእማማ ዘነቡ ነበር የተሰጠው፤ ከመንደሩ ረጅም ዘመን ውሃ የቀዱ እሳቸው ናቸውና። ቆረጡ። ቧንቧውን አዞሩ።

«እስስስስ…»

«መጣ፣ መጣ!» አለ ሰዉ። እማማ ዘነቡ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ቧንቧው ላይ ጣል አደረጉ።

«ይተነፍሳል» አሉ።

ጠበቅን። እስስታው ቀጠነ፤ ከዚያ ተቋረጠ። ከቧንቧው አንዲት ሸረሪት ወጥታ በሪባኑ ላይ ሄደች። ምንጩና ቦኖው መሀል ለካ ገና ቱቦው እንኳ አልተገናኘም።

አቶ ደምሴ ደም ሥሩ ተገታተረ። «ደርሷል አላልክም ወይ በለው! እንዲህ ባለ ሕዝብ ይቀለዳል ወይ በለው!»

እዚያ ቦታ ከኔ በቀር ሁለቱን ቋንቋ የሚሰማ ሰው አልነበረም። ዞር አልኩና ሚስተር ቶምን፣ ምግብ ቀርቧል፣ ትበላለህ ወይ ብለው ይጠይቃሉ አልኩት። ደስ ይለኛል፣ አመሰግናለሁ አለ። ወደ አቶ ደምሴ ዞሬ «ይቅርታ ይጠይቃል» አልኩ።

ሚስተር ቶም ዳሱ ውስጥ ገብቶ እጁን ታጥቦ መብላት ጀመረ። ሁለተኛ ጊዜም አስጨመረ። መንደርተኛው ዳር ዳር ቆሞ እያየው «ዋሽቶን ደግሞ አጣፍጦ ይበላል!» ይላል። አቶ ደምሴ ሰውየው ተነሥቶ ሌላ እንዲላክ ለድርጅቱ ደብዳቤ እጽፋለሁ ብሎ ማለ።

ወደ ከተማ ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ እማማ ዘነቡን ደረስኩባቸው። ባዶ ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ።

«እማማ፣ አህያዋስ?»

«ለልጄ ሰጠኋታ። ደጎሎ በኩል ነው የተዳረችው፤ ውሃ ይርቃታል። የኔው ደርሷል አልከን አይደል?» አሉና ፊቴን አይተው ደነገጡ። «አብሽር ቲቸር! ምነው? እግር አለኝ እኮ።»

በሥራ ዘመኔ ብዙ ተቆጥተውኛል። እንደዚያች «አብሽር» ያንገበገበኝ ግን የለም።

ሰኞ ትምህርት ቤት አስፈቅጄ በሚኒባስ አቀስታ ሄድኩ። ጋሽ ይመር ጡረታ ወጥተው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም።

«ከማን ጋር መጣች?» አሉ።

«ከ‹ኒር› ጋር።»

ገብተው በጨርቅ የተጠቀለለ መዝገበ ቃላታቸውን አመጡ። በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱና ቆሙ። «‹ኖዌር ኒር›። ጭራሽ አልቀረበም፣ ፈጽሞ አልደረሰም ማለት ነው።» መጽሐፉን ዘጉት። «ሳይገባህ ለምን አለፍከው?»

«ሰዉ ሁሉ እያየኝ ነበር።»

«አላውቅም፣ ይድገምልኝ ብትል ምን ትሆን ነበር?»

«አፍር ነበር።»

«አሁንስ?»

እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው የስህተት ደብተሯን ገለጡና ጻፉ። ስሜን አልጻፉም፤ አጮልቄ አይቻለሁ። «አስተርጓሚ። ሁለት ደስ የሚሉ ቃላት ስለሰማ» ይላል። ከዚያ ቀና ብለው «እኔ ጋ መምጣት ቀላሉ ነው፤ ሂድና ለሰዎቹ ንገር» አሉኝ።

በሳምንቱ መንደሩ ወይራው ሥር ተሰበሰበ። አቶ ደምሴ ደብዳቤውን ጽፎ በኪሱ ይዟል፤ ሊያነብላቸው ነው የመጣው። ከመጀመሩ በፊት ተነሣሁ።

«ሰውየው አልዋሸም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

የሆነውን ነገርኳቸው፤ «ይቅርታ ይጠይቃል» ያልኩትንም ጭምር። ከዚያ፣ የመምህር ነገር ሆኖብኝ፣ ማስረዳት ጀመርኩ። «ኖዌር» ብቻዋን ምን እንደሆነች፣ ክልከላው ሆዷ ውስጥ እንዳለ፣ «ኒር» ሲከተላት ደግሞ እንዴት እንደምትለወጥ… መሬት ላይ በእንጨት እየጻፍኩ ብዙ ቆየሁ። እማማ ዘነቡ አቋረጡኝ።

«ቆይ እስቲ ቲቸር። ሲጠቃለል፣ ሰውየው ገና ነው ነው ያለው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ታዲያ ‹ገና ነው› አትልም ኖሯል?»

መጀመሪያ ሼህ ሰይድ ናቸው የሳቁት። ከዚያ ወይራው ሥር የቀረ ሰው የለም፤ አቶ ደምሴ እንኳ ደብዳቤውን አፉ ላይ አድርጎ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እኔ ማሠልጠኛ የገባሁት፣ ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩት፣ አቀስታ ድረስ የሄድኩት፣ እማማ ዘነቡ ተቀምጠው በሁለት ቃል ጨረሱት።

ሳቁ ሲበርድ ሽማግሌዎቹ ፈረዱ። ውሃው እስኪደርስ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ለእማማ ዘነቡ ውሃ እቀዳለሁ፤ ሌላውን ቀን ጎረቤት ይካፈላል። አቶ ደምሴ ደብዳቤውን ቀደደው። ለሚስተር ቶም ግን ማንም አልነገረውም። ሊነግረው የሚችለው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ በአንድ ወር ሁለት ጊዜ መናዘዝ አልቻልኩም።

ሰባት ወር ፈጀ። ሁለት ጀሪካን፣ አንዱ በጀርባ አንዱ በእጅ፣ ዳገቱን ስወጣ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ «ቲቸር፣ ደረሰ?» ይለኛል። «ኖዌር ኒር!» እላለሁ። ወሩ ሳያልቅ ቃሉ ገበያ ገባ። ጤፉ ተወቅቶ አለቀ? ኖዌር ኒር። ልጅቷ አልተዳረችም? ኖዌር ኒር። በዚያ ዓመት የክፍል ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ ስለዚህችው ሐረግ አወጣሁ፤ ከዚያች ቀበሌ የመጣ አንድም ተማሪ አልሳተውም። እንደዚያ ያለ ውጤት ከዚያ በፊትም በኋላም አላገኘሁም። ሚስተር ቶምን ደግሞ መኪናው ብቅ ባለ ቁጥር መንደርተኛው «ኖዌር ኒር! ኖዌር ኒር!» እያለ ይቀበለዋል። እሱም በመስኮት እጁን ያውለበልባል።

ውሃው የደረሰው ቅዳሜ ቀን ነው። ዳስ አልተጣለም፤ «መጀመሪያ ይፍሰስ» ብለው ከልክለዋል። እማማ ዘነቡ ቧንቧውን አዞሩት። ፈሰሰ። እልል ያለ የለም፤ ሰዉ ዝም ብሎ አየው። ሼህ ሰይድ «አልሐምዱሊላህ» ብለው በእጃቸው ጨልፈው ፊታቸውን አበሱ፤ ያን ጊዜ ነው እልልታው የመጣው።

እማማ ዘነቡ ሁለቱን ጀሪካን ሞሉና ክዳኑን አጠበቁ። በጣታቸው ጠሩኝ።

«ና ቲቸር፣ የዛሬውን አድርስልኝ።»

«እማማ! ቤትዎ እኮ ሃያ እርምጃ አይሞላም!»

«ቅዳሜ አይደለም እንዴ?»

አቶ ደምሴም ተማሪዎቼም እያዩኝ ጎንበስ ብዬ አዘልኩ። ሚስተር ቶም ይሄ ሁሉ ሰው እያለ አንድ መምህር ለምን ይሸከማል ብሎ ጠየቀኝ። ከእንግዲህ መሸሻ አልነበረኝም። ጀሪካኑን እንዳዘልኩ፣ በእንግሊዝኛ፣ ከ«ኖዌር ኒር» ጀምሬ እስከ ድግሱ ድረስ ነገርኩት። በምረቃው ዕለት ሰዉ ዙሪያውን ቆሞ ለምን እንዳፈጠጠበት፣ ሲቀበሉት የሚጮኹት ምን ማለት እንደሆነ፣ ሁሉንም። ፊቱ ቀላ።

«ሁለት ጊዜ እኮ ነው ያስጨመርኩት» አለ። ከዚያ ቦኖው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሲጨርስ ተነሥቶ ሁለተኛውን ጀሪካን አነሳና ተከተለኝ።

ሚስተር ቶም እንስራቸው ውስጥ ሲገለብጥ እማማ ዘነቡ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ተመለከቱት። «ቲቸር፣ ይሄ ካንተ ይሻላል፤ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ነገም ይምጣ በለው» አሉ። ጎረቤቱ ሳቀ።

እኔ ከዚያ ወዲህ ሰው ከተናገረው ላይ ጨምሬም ቀንሼም ላልተረጉም ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። የተባለውን ቃል በቃል ነገርኩት። ሚስተር ቶም ኮስተር ብሎ ሰማና ራሱን ነቀነቀ።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤታቸው ሮጦ ቤቴ መጣ። «እማማ ዘነቡ ቶሎ ና ብለውሃል። ፈረንጁ ሁለት ጀሪካን ሞልቶ ደጃቸው ላይ ቆሟል። ‹ቀልዴን ነበር› ብለህ እንድትተረጉምላቸው ነው።»

ጫማዬን አጠለቅሁና፣ ለማንኛውም ብዬ፣ መዝገበ ቃላቴን በብብቴ ይዤ ወጣሁ።